«አይደለም» ሁሉ ተቃራኒ አይደለም
(ስለ እንግሊዝኛ ተቃራኒ ቃላት የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰንበት ትምህርት ቤታችን በክረምት ወራት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። ባለፈው ክረምት ስለ ተቃራኒ ቃላት ካስተማርን በኋላ ዐሥር ጥያቄ ያለው መልመጃ ሰጠን። በዘጠኙ ጥያቄዎች ቃሉን የሰጠነው እኛ ነበርን፤ ዐሥረኛው ግን «ከራሳችሁ ሁለት ተቃራኒ ቃላት ጻፉ» የሚል ነበር። ወረቀቱን ተከፋፍለን ስናርም አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በዐሥረኛው ጥያቄ በአንድ ወገን «ክርስቲያን»፣ በሌላው ወገን «ሙስሊም» ብላ ጽፋ አገኘን።

ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ወንድማችን እጁ ቆመ። «ልክ ልበለው ወይስ ስሕተት?» ብሎ ጠየቀን። ሁላችንም «ስሕተት ነው» አልነው። «ለምን?» ባለን ጊዜ ግን ከመካከላችን ምክንያቱን አጥርቶ የሚናገር ጠፋ። ልጅቷ ከሙስሊም ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ያደገች ናት፤ በክፋት እንዳልጻፈችው እናውቃለን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ተቃራኒ ምን እንደ ሆነ ሳናስረዳ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርገን ስናስሸመድድ ከርመናልና፣ እርሷም ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ፈልጋ አጣመረች። ይህች ጽሑፍ ያን ዕለት ያልመለስነውን ጥያቄ ለመመለስ የተዘጋጀች ናት።

፩. ተቃራኒ ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩ ትንሽ አይምሰላችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የቃላት ዕውቀት የጎደለው ተማሪ የታሪኩንም የሥነ ሕይወቱንም መጽሐፍ ማንበብ ይቸግረዋል። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ቋንቋውን በሚገባ መማር በእጃችን ካሉት መፍትሔዎች አንዱ ነው።

እንግሊዞች ተቃራኒ ቃልን «አንቶኒም» ይሉታል። ቃሉ የተሠራው ከግሪክ ሲሆን «አንቲ» አንጻር፣ «ኦኒማ» ስም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ እንዲለመድ ያደረገው በ1867 እ.ኤ.አ. የተመሳሳይና የተቃራኒ ቃላት መጽሐፍ ያሳተመው ቻርልስ ጆን ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ነገሮች በአራት ዓይነት መንገድ እንደሚቃረኑ ጽፏል።

ከሁሉ አስቀድሞ ልንይዘው የሚገባን ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለት ቃላት እንዲቃረኑ አስቀድመው መመሳሰል አለባቸው። «ሙቅ» እና «ድንጋይ» ምንም አይመሳሰሉም፤ ነገር ግን ተቃራኒ አይባሉም። «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ» ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሙቀት መጠን ነው፤ የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ተቃራኒዎች በአንድ ገመድ ላይ በሁለት ጫፍ እንደ ቆሙ ሰዎች ናቸው። ገመዱ ከሌለ ተቃርኖም የለም።

፪. የተቃራኒ ቃላት ዓይነቶች

ሀ) ደረጃ ያላቸው። «ሆት» ማለት ሙቅ፣ «ኮልድ» ማለት ቀዝቃዛ ነው። በሁለቱ መካከል ግን «ዋርም» (ሞቅ ያለ) እና «ኩል» (ቀዝቀዝ ያለ) አሉ። ይህንንም በአገራችን ምሳሌ እንመልከት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው «እንዴት ይሞቃል!» ብሎ ጋቢውን ያወልቃል። ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ የወጣው ደግሞ በዚያው ሰዓት «እንዴት ደስ የሚል ቀዝቃዛ አየር ነው!» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። እንዲህ ያሉ ቃላት መለኪያቸው ከሚነጻጸሩበት ነገር ጋር ይለዋወጣል። «ቢግ» እና «ስሞል»፣ «ሪች» እና «ፑር»፣ «ፋስት» እና «ስሎው» ከዚሁ ወገን ናቸው።

የዚህ ወገን መለያው «ቬሪ» (በጣም) የሚለውን ቃል መቀበሉ ነው። ሌላው መለያ፣ አንዱን መካድ ሌላውን ማረጋገጥ አለመሆኑ ነው። «ኖት ሆት» ማለት «ኮልድ» ማለት አይደለም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተላከውን ወቀሳ አስታውሱ። ያ ሕዝብ ትኩስም ቀዝቃዛም ባለመሆኑ፣ ለብ ያለ በመሆኑ ተወቀሰ። ለብ ያለውን እንግሊዞች «ሉክዋርም» ይሉታል። ወቀሳው ትርጉም ያገኘው በትኩስና በቀዝቃዛ መካከል ቦታ ስላለ ነው።

ለ) መካከል የሌላቸው። «አላይቭ» (ሕያው) እና «ዴድ» (ሙት)፣ «ፕረዘንት» (በክፍል የተገኘ) እና «አብሰንት» (የቀረ)፣ «ትሩ» (እውነት) እና «ፎልስ» (ሐሰት) ከዚህ ወገን ናቸው። የስም መጥሪያ የያዘ መምህር «ጥቂት ቀርቷል» ብሎ ምልክት አያደርግም፤ ተማሪው ወይ አለ ወይ የለም። እዚህ ላይ «ቬሪ» አይገባም፤ አንዱን መካድም ሌላውን ማረጋገጥ ነው።

ሐ) አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም። «ባይ» (ገዛ) እና «ሴል» (ሸጠ) እንዲህ ያሉ ናቸው። ሰኞ በባቲ ገበያ አንድ ሰው ፍየል ከገዛ፣ ሌላ ሰው የሸጠለት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የተፈጸመው ነገር አንድ ነው፤ የታየው ግን ከሁለት ወገን ነው። «ቲቸር» እና «ስቱደንት»፣ «ፓረንት» እና «ቻይልድ» እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ተቃራኒ ቢባሉም ጠላቶች አይደሉም፤ እንዲያውም አንዱ ከሌለ ሌላው ስሙን ያጣል። ተማሪ የሌለው ማንን ያስተምራል?

በዚህ ወገን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዘወትር የምንሳሳትበት ነገር አለ። ቋንቋችን ሁለቱን ወገን ከአንድ ሥር ያወጣቸዋል፤ አበደረ፣ ተበደረ፤ አከራየ፣ ተከራየ፤ አስተማረ፣ ተማረ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለአበደረ «ሌንድ»፣ ለተበደረ «ቦሮው» ብሎ ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ይጠቀማል። ስለዚህ «ብዕርህን አውሰኝ» ለማለት ፈልገን «ቦሮው ሚ» እንላለን፤ ትክክለኛው «ሌንድ ሚ» ነው። ማስታወሻው ቀላል ነው፤ ዕቃው ከእጅ ሲወጣ «ሌንድ»፣ ወደ እጅ ሲገባ «ቦሮው»።

መ) የተሠራውን የሚመልሱ። «ታይ» አሰረ ነው፤ «አንታይ» ፈታ ነው። «ሎክ» ቆለፈ፤ «አንሎክ» ቁልፉን ከፈተ። እዚህ ላይ «አን» የሚለው መነሻ «አልቆለፈም» ማለት አለመሆኑን ልብ በሉ። ያልቆለፈ ሰው ምንም አልሠራም፤ የከፈተ ግን የተቆለፈውን መልሷል።

፫. በባዕድ መነሻ የሚመሠረቱ ተቃራኒዎች

በአማርኛችን አሉታን የምንገልጥባቸው ብዙ መንገዶች አሉን። «ቤት አልባ»፣ «ዕድለ ቢስ» እንላለን፤ ከግእዝ ወስደንም «ኢፍትሐዊ»፣ «ኢሰብአዊ» እንላለን። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። የእኛ «አልባ» እና «ቢስ» በቃሉ መጨረሻ እንደሚቆሙ ሁሉ፣ የእነርሱም «ለስ» መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ «ሆምለስ» ቤት አልባ፣ «ዩዝለስ» ጥቅመ ቢስ ነው። በቃሉ መጀመሪያ ከሚመጡት ደግሞ ሦስቱ የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው «አን» ነው። ይህ ከጥንቱ እንግሊዝኛ የመጣ ስለ ሆነ በየትኛውም ፊደል ፊት አይለወጥም፤ «ካይንድ» (ደግ)፣ «አንካይንድ»፤ «ሄልዚ» (ጤናማ)፣ «አንሄልዚ»።

ሁለተኛው ከላቲን የመጣው «ኢን» ነው፤ «ኮሬክት» (ትክክል)፣ «ኢንኮሬክት»። ይህ ግን ከሚከተለው ድምፅ ጋር ይስማማል። በ«ፕ» እና በ«ም» ፊት «ኢም» ይሆናል፤ «ፖሲብል» (የሚቻል)፣ «ኢምፖሲብል»። በ«ል» ፊት «ኢል» ይሆናል፤ «ሊጋል» (ሕጋዊ)፣ «ኢሊጋል»። በ«ር» ፊት «ኢር» ይሆናል፤ «ሬጉላር» (መደበኛ)፣ «ኢሬጉላር»። ይህ እንግዳ አይምሰላችሁ። እኛም «ወንበር» ብለን ጽፈን ስንናገር «ወምበር» እንላለን፤ ከንፈራችን «ብ»ን ለማለት ሲዘጋጅ «ን»ን ወደ «ም» ይስበዋልና። የግእዙ «ኢ» እና የላቲኑ «ኢን» ዝምድና የላቸውም፤ ነገር ግን ግእዝ የተማረ ሰው አንዱን በሌላው ሊያስታውስ ይችላል።

ሦስተኛው «ዲስ» ነው፤ «አግሪ» (ተስማማ)፣ «ዲስአግሪ»፤ «ኦነስት» (ታማኝ)፣ «ዲስኦነስት»።

ማስጠንቀቂያ፦ መነሻው ያለበት ቃል ሁሉ ተቃራኒ አይደለም። «ቫሉብል» ዋጋ ያለው ነው፤ «ኢንቫሉብል» ግን ዋጋ የሌለው ሳይሆን ዋጋ ሊተመንለት የማይችል፣ እጅግ የከበረ ማለት ነው። ከዚህ የሚከፋም አለ። «ፍሌመብል» በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ «ኢንፍሌመብል»ም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው! እዚህ ላይ «ኢን» አሉታ ሳይሆን «ወደ እሳት ማግባት» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው። ከሚሌ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣ የነዳጅ ቦቴ ላይ «ኢንፍሌመብል» ተጽፎ ቢያገኝና «የማይቀጣጠል ማለት ነው» ብሎ አጠገቡ ክብሪት የሚጭር ሰው፣ አንድ ባዕድ መነሻ ባለማወቁ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ቃልን በግምት መተርጎም እንዲህ ያደርሳል።

፬. አንድ ቃል፣ ብዙ ተቃራኒ

«የላይት ተቃራኒ ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ጎደሎ ጥያቄ ነው። ስለ ሸክም ከሆነ «ሄቪ» (ከባድ)፣ ስለ ቀለም ወይም ስለ ብርሃን ከሆነ «ዳርክ» ነው። «ኦልድ» ስለ ሰው ሲነገር ተቃራኒው «ያንግ»፣ ስለ ጫማ ሲነገር «ኒው» ነው። አማርኛ በዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይጠነቀቃል፤ ሰውን ሽማግሌ፣ ጫማን አሮጌ ብሎ ይለያልና።

በሌላ ቦታ ደግሞ አማርኛ አንድ ያደረገውን እንግሊዝኛ ይከፍለዋል። እኛ «ረጅም ሰው»፣ «ረጅም ገመድ» እንላለን። እንግሊዞች ሰውን፣ ዛፍንና ሕንፃን «ቶል»፣ ገመድንና መንገድን «ሎንግ» ይላሉ፤ የሁለቱም ተቃራኒ «ሾርት» ሊሆን ይችላል። እኛ «ቀላል ሸክም»፣ «ቀላል ጥያቄ» እንላለን፤ እነርሱ ግን ሸክሙን «ላይት»፣ ጥያቄውን «ኢዚ» ይላሉ። ስለዚህ «ፈተናው ከባድ ነበር» ለማለት «ሄቪ» ብንል ሰሚው ይደናገራል፤ «ዲፊከልት» ወይም «ሃርድ» ማለት ይገባል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ምክር እንሰጣለን። አንደኛ፣ በደብተራችሁ «ኦልድ - ኒው» ብላችሁ ባዶውን አትጻፉ፤ «ኦልድ ሹ - ኒው ሹ»፣ «ኦልድ ማን - ያንግ ማን» ብላችሁ ከባልንጀራው ጋር ጻፉት። ሁለተኛ፣ ሁለት አዲስ ተቃራኒዎችን በአንድ ቀን አትሸምድዱ። በቃላት ትምህርት ላይ ብዙ የጻፈው የኒውዚላንዱ ምሁር ፖል ኔሽን፣ አብረው የተማሯቸው ተቃራኒዎች በአእምሮ ውስጥ እንደሚደባለቁ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አስገንዝቧል። አስቀድማችሁ «ሌንድ»ን እስኪዋሐዳችሁ ተጠቀሙበት፤ ከሳምንት በኋላ «ቦሮው»ን ጨምሩ።

፭. ከቅዱሳት መጻሕፍት መማር

ተቃራኒ ቃላትን ለመለማመድ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተሻለ መጽሐፍ አይገኝም። በ1753 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሎውዝ የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ዕብራውያን ቅኔ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዕብራይስጥ ግጥም ሁለት ሐረጎችን ጎን ለጎን በማቆም እንደሚሠራና አንዱ መንገድ ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን በተቃራኒ እንዲመልስ ማድረግ እንደ ሆነ አሳይቷል። መጽሐፈ ምሳሌ ከምዕራፍ 10 እስከ 15 በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ጠቢብና ሰነፍ፣ ጻድቅና ኃጥእ፣ ትጉህና ታካች እየተነጻጸሩ ይሄዳሉ። በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 ደግሞ ዐሥራ አራት ጥንድ ተቃራኒዎች ይገኛሉ፤ መጀመሪያው መወለድና መሞት፣ መጨረሻው ጦርነትና ሰላም ነው። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ዐሥራ አራቱን ጥንድ ብታወጡ ሃያ ስምንት ሐሳብ በእጃችሁ ይገባል፤ የአንድ ወር ትምህርት ይሆናችኋል።

፮. ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ

እንግዲህ «ክርስቲያን» እና «ሙስሊም» የሚሉትን ሁለት ቃላት በተማርነው መለኪያ እንመርምራቸው። በሙቅና በቀዝቃዛ መንገድ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ቆመዋልን? አልቆሙም፤ ከአንዱ እየራቁ ሲሄዱ ሌላው ጋ አይደረስምና። መካከል የሌላቸው ናቸውን? አይደሉም፤ በዓለም ላይ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልሆነ ብዙ ሕዝብ አለ። አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም ነውን? አይደለም። አንዱ የሌላውን ሥራ የሚመልስ ነውን? ይህም አይደለም። ስለዚህ ተቃራኒ ሳይሆኑ ልዩ ልዩ ናቸው። ስንዴና ገብስ ልዩ ልዩ ናቸው፤ ቀይና አረንጓዴ ልዩ ልዩ ናቸው፤ «የስንዴ ተቃራኒ ገብስ ነው» የሚል ገበሬ ግን የለም። ልዩነትና ተቃርኖ አንድ አይደሉም።

ይህን ስንል ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ማለታችን አይደለም። እኛ የምናምነውን እናውቃለን፤ ጎረቤታችንም የሚያምነውን ያውቃል። ነገር ግን ከእኛ የተለየውን ሁሉ በአንጻራችን የቆመ አድርጎ መቁጠር የቋንቋም የኑሮም ስሕተት ነው። የወሎ ሰው ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። በቅሬያችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ያዋጣሉ፤ የአንዱ ወገን ሰው ሲሞት የሌላው ወገን ድንኳን ተክሎ፣ ውኃ ቀድቶ፣ መቃብር ድረስ ይሸኛል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ለጠየቀው ሰው ስለ ሳምራዊው ሲነግረው፣ ባልንጀራን የለየው በወገን ሳይሆን በምሕረት ነው።

በሚቀጥለው ሰንበት ልጅቷን ጠርተን ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅናት። ዝም ብላ አሰበችና ላጲስ ለምና የጻፈችውን አጠፋች። በቦታውም «ዋር» እና «ፒስ»፣ ጦርነትና ሰላም፣ ብላ ጻፈች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር ተሰዳ የነበረች ናትና ሁለቱንም ቃል ከመዝገበ ቃላት አልቀዳችውም። ወንድማችን ሊፈትናት ብሎ፣ «መካከል አላቸው ወይስ የላቸውም?» አላት።

«አላቸው ጋሼ» አለች። «ተኩስ ቆሞ ሰው ገና በሩን ዘግቶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። እርሱ ጦርነትም አይደል፣ ሰላምም አይደል።»

ወንድማችን በቀይ እስክሪብቶ ልክ አላት። እኛም ከአንድ ክረምት ማስተማር ይልቅ ከዚያች መልስ ብዙ ተማርን። የጦርነት አለመኖር ብቻውን ሰላም አይባልም፤ ጠላት አለመሆንም ብቻውን ወዳጅነት አይባልም። «አይደለም» ከማለት አልፎ የሚሠራ ሥራ አለ።

መልመጃ

1. የሚከተሉት ጥንዶች ከአራቱ ዓይነቶች ከየትኛው ናቸው? ተቃራኒ ያልሆነም አለ። «ሀዝባንድ - ዋይፍ»፣ «ስትሮንግ - ዊክ»፣ «ፓስ - ፌይል»፣ «ሎድ - አንሎድ»፣ «ማንዴይ - ቱስዴይ»።

2. ለ«ራይት» እና ለ«ሃርድ» ሁለት ሁለት ተቃራኒ ስጡ፤ እያንዳንዱን ከባልንጀራው ቃል ጋር ጻፉ።

3. በትክክለኛው ባዕድ መነሻ ተቃራኒ አድርጉ፤ «ፐርፌክት»፣ «ሎጂካል»፣ «ሬስፖንሲብል»፣ «ሀፒ»።

መልስ፦ 1ኛ) በቅደም ተከተል ሐ፣ ሀ፣ ለ፣ መ፤ የመጨረሻው ልዩ ልዩ እንጂ ተቃራኒ አይደለም። 2ኛ) «ራይት» ስለ እጅ «ሌፍት»፣ ስለ መልስ «ሮንግ»፤ «ሃርድ» ስለ ድንጋይ «ሶፍት»፣ ስለ ፈተና «ኢዚ»። 3ኛ) «ኢምፐርፌክት»፣ «ኢሎጂካል»፣ «ኢሬስፖንሲብል»፣ «አንሀፒ»።

ከመጽሐፈ መክብብ ያወጣችኋቸውን ዐሥራ አራት ጥንዶች ይዛችሁ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አዳራሹ ብትመጡ አብረን እናርማለን። ደብተር የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ፤ «ሌንድ» እና «ቦሮው»ን በተግባር እንማራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።